የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንጀሉን ሳይጨርሱ ምርመራውን መጀመር

መርማሪውን መፍጠር ደስ ስለሚል ብዙ ደራሲ ከእሱ ይነሳል። መጽሐፉ ሲጋመስ ገዳዩን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የመረጠው ሰው ግን እስከዚያ በተጻፈው ውስጥ አንድም ዱካ አልተወም። ስለዚህ አስቀድሞ ከገዳዩ ወገን ሆኖ ከ5 እስከ 10 ገጽ መጻፍ ያስፈልጋል፦ ለምን ገደለ፣ በምን ገደለ፣ በየት ገብቶ በየት ወጣ፣ ምን ረሳ፣ ማን አየው፣ በማግስቱ ለማን ምን ብሎ ዋሸ። ይህ ጽሑፍ ለአንባቢ አይቀርብም፤ ፍንጭ ሁሉ የሚቀዳው ግን ከእሱ ነው።

ሰዓቱን አለማመሳከር

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ እጥፍ መጠንቀቅ አለበት። ዘበኛው «ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጩኸት ሰማሁ» ብሎ ቃሉን ይሰጣል። የሟች የስልክ ጥሪ ዝርዝር ደግሞ ረቡዕ 01፡00 ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ቅጽበት ነው የሚናገሩት። ዘበኛው ቀን ተለወጠ የሚለው ሲነጋ ነው፣ ስልኩ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ቀይሯል። ሌላ ምስክር «ለረቡዕ አጥቢያ» ቢል እሱም ትክክል ነው። ደራሲው ይህን ካላስተዋለ ተጠርጣሪው ሳይታሰብ ሌላ ቦታ እንደነበረ ይረጋገጥለታል። ካስተዋለው ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚሸከም ፍንጭ አገኘ ማለት ነው። ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ይሠራ፦ የሀገር ሰዓት፣ የስልክ ሰዓት፣ ቦታ፣ እዚያ የነበረው ሰው። እያንዳንዱ ትዕይንት ከመጻፉ በፊት በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ይስፈር።

ሐኪሙን የማያውቀውን ማናገር

አስከሬን አይቶ «የሞተው 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው» የሚል ሐኪም የለም። የሚናገረው ግምት ነው፣ እሱም ሰፊ። የአስከሬን መድረቅ ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መንጋጋና አንገት ላይ ይታያል፣ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካልን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ አፋር የወደቀ ሰውና ደብረ ብርሃን የወደቀ ሰው በአንድ ሰዓት አይለኩም። ከዚህ ይልቅ ለሴራ የሚጠቅመው የደም መውረድ ነው። ልብ ሲቆም ደም ወደ መሬት ባለው የሰውነት ክፍል ወርዶ ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ አስከሬኑ ቢገለበጥም ጥቁረቱ ባለበት ይቀራል። በጀርባው የተኛ ሟች ደረቱ ጠቁሮ ከተገኘ፣ ከሞተ ከብዙ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ነክቶታል።

የባሕር ማዶ ፊልም ሥርዓት መዋስ

የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛነትን የሚወስን ቡድን፣ የለውም፤ የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲመረመር ለፖሊስ የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው ሰዓት ይኸው ነው! መርማሪው ቀጠሮው ከማለቁ በፊት ማስረጃ ካላመጣ ተጠርጣሪው ሊለቀቅ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 እና 540 ልዩነትም መታወቅ አለበት። በ540 የሚወድቀው ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ በ539 የሚወድቀው ከባዱ የዕድሜ ልክ ወይም የሞት ቅጣት ያመጣል። ገዳዩ አስቦበት ቢላውን ከቤቱ ይዞ መጣ ወይስ በድንገት ከሟች ወጥ ቤት አነሳ? አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ክስ ሊያዞር ይችላል።

«አንተ» እና «እርስዎ»ን ማባከን

ቋንቋችን ለምርመራ ክፍል የሰጠው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው፤ ብዙ ደራሲ ግን አይጠቀምበትም። ኢንስፔክተሩ «ጋሼ፣ ትላንት ማታ የት አመሹ?» ብሎ ጀምሮ፣ ሐሰቱን ሲይዝ «የት ነበርክ?» ካለ፣ ጠረጴዛ መደብደብ አያስፈልገውም። አንዴ ከወረደ በኋላ ግን ሳያውቀው ወደ «እርስዎ» እንዳይመለስ፤ ከተመለሰ ምክንያት ይኑረው።

ለቀጣዩ መጽሐፍ ቀድሞ ቀን መቁረጥ

ረቂቁ ሳያልቅ የሚወጣበት ወር አይነገር። ያለቀ ረቂቅ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ይቀመጥ፣ ከዚያ ለሦስት አንባቢዎች ይሰጥ፤ አንዱ የሕግ ሰው ቢሆን መልካም ነው። ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ «ማንን ጠረጠራችሁ?» ተብለው ይጠየቁ። ሦስቱም ገዳዩን ከጠሩ ፍንጩ ገሃድ ወጥቷል። አንዳቸውም ስሙን እንኳ ካላስታወሱ ደግሞ ገዳዩ ተደብቆ ሳይሆን ጠፍቶ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ እንደገና መግባት አለበት።

መርማሪው በተከታታይ መጽሐፍ የሚመለስ ከሆነ ዕድሜው፣ ማዕረጉ፣ ጠባሳው፣ የሚያጨስ መሆን አለመሆኑ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። የመጀመሪያው መጽሐፍ መብት በጠቅላላው ከመሸጡ በፊትም ውሉ ገጸ ባሕርዩን ይጨምር እንደሆነ ይነበብ።