«በጣም አዘንኩ» ከማለታችሁ በፊት

ለምትወዱት ሰው ልትጽፉ ቁጭ ብላችሁ «በጣም ናፈቅሽኝ»፣ «በጣም አዘንኩ» ላይ ከተገተራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «በጣም»ን አጥፉና ስሜቱ የት ጋ እንደተሰማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አማርኛችን እኮ ስሜትን ሰውነት ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የሚያሳዝን ሰው አንጀት ይበላል፤ ስንብት ሆድ ያባባል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ጭንቀት ሆድን ባር ባር ያሰኛል፤ ብዙ የተለፋበት ነገር ሲከሽፍ ደግሞ ቅስም ይሰበራል። አንድ አይደሉም። «ቅር አለኝ» እና «ከፋኝ» እንኳ ይለያያሉ፦ ቅር ያለው ሰው ቡና ቢጠሩት ይመጣል፣ የከፋው ግን እንጃ።

ቃሉ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ያያችሁትን ጻፉ። አያቴ ያረፈች ሰሞን ለእናቴ መልእክት ልጽፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት፤ ሁሉም ከሐዘን መግለጫ ካርድ ላይ የተገለበጠ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ «ነጠላዋ አሁንም በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፣ ማንሳት አቃተኝ» ብዬ ላክሁ። እናቴ ወዲያው ደወለች። ብዙም አላወራንም።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በአፋችሁ የማትሉት ቃል ካለ አውጡት። «ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶኛል» ብሎ ለእናቱ በስልክ የሚያወራ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።