ለሰፊ ግድግዳ ባለ ብዙ ክፍል ፎቶ ስትመርጡ

ፎቶ በካንቫስ እያተምኩ፣ ፍሬም ላይ እየወጠርኩ መስቀል ነው ሥራዬ። ባለ ብዙ ክፍል የሚባለው አንድ ፎቶ ተቆራርጦ፣ ቁራጮቹ ጎን ለጎን በትንሽ ክፍተት ሲሰቀሉ ነው። ደንበኞቼ ሲመጡ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኝና "ይሄን ባለ አምስት አድርጊልኝ" ይላሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ግድግዳው ነው። ስንት ሜትር ነው? ከሥሩ ምን ተቀምጧል? ሰው የሚያየው ከየት ሆኖ ነው? ይሄ ሳይታወቅ ፎቶ መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ከሶፋ ወይም ከቡፌ በላይ የሚሰቀል ከሆነ፣ ጠቅላላ ስፋቱ የዕቃውን ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይሁን። 2 ሜትር ከ40 የሆነ ሶፋ ካላችሁ 1 ሜትር ከ60 ይበቃል። ይህም ባለ 50 ሴንቲ ሜትር ሦስት ክፍሎች ከነሁለቱ የ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተቶች ማለት ነው። ክፍተቱን መደመር የሚረሳ ብዙ ነው። የሆቴል ሎቢ ላይ ያለ 6 ሜትር ባዶ ግድግዳ ከሆነ ባለ 70 ሴንቲ ሜትር አምስት ክፍሎች በ6 ሴንቲ ሜትር ክፍተት 3 ሜትር ከ74 ይሸፍናሉ። ዳርና ዳሩ ባዶ ይቀራል። ይቅር። ከጥግ እስከ ጥግ የሞላ ፎቶ የማስታወቂያ ባነር ይመስላል።

መሀሉ ረጅም፣ ዳርና ዳሩ እያጠረ የሚሄደው ባለ አምስት በጣም ይፈለጋል። እኔ አልወደውም። የዳሮቹ ክፍሎች ሲያጥሩ ከላይ ሰማዩ፣ ከታች መሬቱ ይቆረጣል። ሰፊ እይታ ፈልጋችሁ ገዝታችሁ ስፋቱን ራሱ ትጥሉታላችሁ። ደንበኛ ንጉሥ ነውና ሲታዘዝ እሠራለሁ፤ ምክሬን ግን ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። የሚያምር ፎቶ ሁሉ መቆረጥን አይችልም። የሰሜን ተራሮችን ገደል ውሰዱ። ሸንተረሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተደራረበ ስለሚሄድ የትም ብትቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ የሚታይ ነገር ይኖረዋል። እዚያው ገደል ጫፍ ላይ አንድ ጭላዳ ከተቀመጠ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓይን የሚሄደው ወደ ፊቱ ነው፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ አንዱ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት። ቡና የምታፈላ ሴትም እንደዚያው። አፍንጫዋ ላይ ክፍተት ያረፈባት ሴት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አይቻለሁ። ሥራው የኔ አልነበረም፤ እኔን ግን አመመኝ።

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲነሳ በጣም የሚፈለግ ፎቶ ነው። አስቸጋሪም ነው። መስቀሉ አንድ ነው፣ መሀል ላይ ነው። አራት ክፍል ካደረጋችሁት ክፍተቱ ልክ የመስቀሉ ልብ ላይ ያርፋል። ሦስት ከሆነ የመሀሉን ሰፋ አድርጋችሁ መስቀሉን ሙሉውን እዚያ ማስገባት፣ በግራና በቀኝ ዓለቱን ማስቀረት ይቻላል። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ይሄ ፎቶ ሳይቆረጥ፣ አንድ ትልቅ ሆኖ ቢሰቀል ይሻላል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ፎቶውን በተራ ወረቀት አሳትሙና በመቀስ ቁረጡት። ቁራጮቹን አራርቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻ አንስታችሁ እዩት። ባዶ ሰማይ ብቻ የያዘ ቁራጭ ካገኛችሁ አንድ ክፍል ቀንሱ፤ ገንዘብም ይተርፋችኋል።

አታሚውንም ይህን ጠይቁት፦ ክፍተቱ የሚያርፍበት የፎቶው ክፍል ይጣላል ወይስ ይቀራል? ካልተጣለ የተራራው መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ተሰብሮ ይታያል። ያቺ 5 ሴንቲ ሜትር ከተጣለች ግን ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ካንቫሱ በፍሬሙ ጎን የሚታጠፍበትም 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አለ። እሱ ከየት እንደሚመጣ ካልተነጋገራችሁ ከፊት ከሚታየው ፎቶ ይበላል።

አንድ ፎቶ መቁረጥ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያውቀዋል። ሦስት መስኮት ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይዟል፤ ሁሉም በየራሱ ቆሞ አንድ ሐሳብ ይናገራል። ለሬስቶራንት እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ። ቡናው ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ሲቀዳ፤ ሦስት ፎቶ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ቀን የተነሳ።

ጥራቱን በፒክስል፣ ፎቶው በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ አስሉት። ከቅርብ ለሚታይ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 40 ፒክስል፣ ከ4 ሜትር ወዲያ ለሚታይ 20 ይበቃል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ ጎን 6,000 ፒክስል ይሰጣል። ለሳሎኑ 1 ሜትር ከ60 ጥቂት ቢጎድለውም ምንም አይልም። ለሎቢው 3 ሜትር ከ74 ግን ያንሳል። ስለዚህ ፎቶግራፈሩ ካሜራውን በቁመቱ ይዞ፣ አንዱ ባንዱ ላይ አንድ ሦስተኛ እየተደረበ አምስት ፎቶ አንስቶ እንዲያጋጥማቸው ንገሩት። በቴሌግራም ስትልኩልን ደግሞ እባካችሁ በፋይል ላኩ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቃል። ከኢንተርኔት የወረደ የውጭ አገር ሐይቅ አታምጡብኝ። ባለቤት አለው፣ ጥራትም የለውም።

ሎቢ ፊት ለፊቱ መስታወት ከሆነ መስታወት ያለው ፍሬም አትግዙ፤ ከፎቶው ይልቅ መንገዱን ታያላችሁ። ማት (የማያብረቀርቅ) ካንቫስ ይሻላል። ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳም እለፉት። ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው የፀሐዩን ጉልበት ያውቃል፤ ቀለም ይበላል።

ለመስቀል የመሀሉን ክፍል አስቀድሙ። የፎቶው ወገብ ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 አካባቢ ይሁን፤ ሰው ቁጭ ብሎ በሚያይበት ቦታ ዝቅ ይበል። ከሶፋው ጀርባ ጫፍ እስከ ፎቶው 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ልክ የክፍተቱን ያህል የሆነ እንጨት ቆርጣችሁ በየመካከሉ እያስገባችሁ ስቀሉ፤ ሜትር ደጋግሞ ከመዘርጋት ያድናችኋል። ውሃ ልክ አትርሱ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መስቀያ አድርጉ፤ በአንድ መስቀያ የተሰቀለ ፎቶ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ይዘማል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በፊሸር፣ ብሎኑን በሚይዘው ፕላስቲክ፣ ይያዛል። ጂፕሰም ከሆነ ግን ለጂፕሰም የተሠራውን ግዙ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ትይዩ ወደ ላይም ወደ ጎንም አትብሱ፤ ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከፎቶው በጣም ጨለማ የሆነውን ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል በእውነተኛ ልኩ፣ በዚያው ካንቫስ አሳትሙ። ትንሽ ይከፈልበታል። ቤት ወስዳችሁ ማታ በራሳችሁ አምፖል እዩት። ስልክ ላይ የደመቀው ካንቫስ ላይ ይጠቁራል። ከጠቆረ አታሚው ያብራው፤ ያኔ ቀብዱን ክፈሉ።