አሜሪካ ውስጥ በምህንድስና ፒኤችዲ እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ የምህንድስና ፒኤችዲ በአብዛኛው ከኪስ ተከፍሎ የሚማሩት ትምህርት አይደለም። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ለኑሮም ስታይፔንድ (የኑሮ ድጎማ) ይከፈላል። ተማሪው በምትኩ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት ብዙውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ይሠራል። ገንዘብ ያልያዘ ቅበላ ከመጣላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ማስተርስም ቢሆን በብዙ ትምህርት ክፍሎች ግዴታ ስላልሆነ የአገር ቤቱን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት አማካሪ ፈልጉ። የረዳትነቱ ደመወዝ በአብዛኛው የሚወጣው ፕሮፌሰሩ ካመጣው የምርምር ፈንድ ነው፤ ቀጣዮቹን አምስት ስድስት ዓመታት የምታሳልፉትም ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ፕሮፌሰሩ በቅርብ ዓመታት ያሳተማቸውን ወረቀቶች እዩ። ተማሪዎቹ በስንት ዓመት ጨርሰው የት እንደተቀጠሩም አጣሩ። «በምርምርዎ እጅግ ተደንቄያለሁ» የሚል፣ ለሃምሳ ሰው የተባዛ ኢሜይል ማንም አያነበውም። «ስለ ኮንክሪት መሰንጠቅ በጻፉት ወረቀት የአየሩ ሙቀት አይለዋወጥም ብለው ተነስተዋል፤ ቀን ሞቃት፣ ሌሊት ብርድ በሆነ ቦታ ሞዴሉ ይሠራ ይሆን?» የሚል አጭር መልእክት ግን ሰው ያስቆማል። ሲቪና ትራንስክሪፕት አያይዙ። መልስ ከጠፋ አንድ ጊዜ አስታውሱና ወደ ሌላው እለፉ።

የማመልከቻው ቀነ ገደብ በብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ውስጥ ያልቃል። የሚጠየቁት ትራንስክሪፕት፣ የምርምር ፍላጎታችሁን የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና (ቶፍል ወይም አይኢኤልቲኤስ) እና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ናቸው። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ክፍሎች ትተውታል፤ የሚጠይቁም ስላሉ የየክፍሉን መመሪያ ተመልከቱ። እንደ እኔ ብዙ ጥሩ ተማሪ የሚወድቀው በድጋፍ ደብዳቤው ነው። «ጎበዝና ታታሪ ነው» የሚል ግማሽ ገጽ ምንም አይናገርም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን የመራው መምህር ምን እንደሠራችሁ እንዲዘረዝር፣ የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። የማመልከቻ ክፍያው ከከበዳችሁ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ገንዘብ ያለው ቅበላ ሲመጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15 የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣሉ።

ከገባችሁ በኋላ ኮርስ አለ። ቨርጂኒያ ቴክ ቢያንስ 90 ክሬዲት ሲጠይቅ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 30ው ለምርምር ነው። ስታንፎርድ በሴሚስተር ሳይሆን ከሴሚስተር በሚያጥር የትምህርት ወቅት (በኳርተር) ስለሚቆጥር 135 ዩኒት ይላል። አማካይ ውጤት ከ3.0 እንዳይወርድ መጠበቅ በቂ ነው፤ ኤ ለመሰብሰብ ብላችሁ የላብራቶሪ ሥራውን አትተዉ።

የሚያስፈራው በፒኤችዲው ለመቀጠል ማለፍ ያለባችሁ ኳሊፋይንግ ፈተና ነው። በጽሑፍም በቃልም ሊሆን ይችላል። በቃል ሲሆን የሚጠየቀው ቀላል ይመስላል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ካንቲሊቨር፣ ማለትም አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ጫፉ ነፃ የሆነ ብረት ይስልና «ነፃው ጫፍ ላይ ጭነት ቢንጠለጠል ትልቁ ሞመንት (የማጉበጥ ጫና) የት ነው?» ይላል። «ግድግዳው ጋ» ትላላችሁ። «ለምን?» ይከተላል። ቀጥሎ «ጭነቱ በድንገት ቢለቀቅስ? ብረቱ መሃሉ ላይ ቢሰነጠቅስ?» እያለ መልሱ ከመጽሐፍ ወደማይገኝበት ይገፋችኋል። የሚፈለገው ጮክ ብሎ ማሰብ ስለሆነ ዝም አትበሉ። ከጓደኛ ጋር ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ተለማመዱ፤ ለብቻ ማንበብ ለዚህ አያዘጋጅም። ብዙ ቦታ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል፤ ከዚያም ካልሆነ ማስተርስ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው።

ከዚያ ሥራችሁን የሚገመግም የመምህራን ኮሚቴ አቋቁማችሁ የምርምር ዕቅዳችሁን (ፕሮፖዛል) ታቀርባላችሁ። አማካሪያችሁ ስንት የታተመ ወረቀት እንደሚጠብቅ በዚህ ጊዜ በግልጽ ጠይቁት፤ በመመሪያ ባይጻፍም በየላብራቶሪው የታወቀ ልማድ አለ። ሙከራው ሲከሽፍ፣ ዕቃ ሲዘገይ፣ ወረቀት ሲመለስ ዓመት ያልፋል። የስብሰባ ውሳኔዎችን በኢሜይል ማስቀመጥ በኋላ ከብዙ ክርክር ያድናል።

በዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፉ የቃል መከላከያ) ቀን ሥራችሁን አቅርባችሁ የኮሚቴውን ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ካለፋችሁ በኋላ እርማቱን ጨርሳችሁ ዲዘርቴሽኑን (የመመረቂያ ጽሑፉን) ለድኅረ ምረቃ ቢሮው (ግራጁዌት ስኩል) ካላስገባችሁ ዲግሪው አይሰጥም፤ የገጽ ጠርዝ ስላልተስተካከለ ተመልሶ ምረቃው ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር የሚተላለፍበት ሰው አለ። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ትምህርታችሁ ከማለቁ 90 ቀን ቀደም ብሎ ለኦፒቲ (በሙያችሁ ለጊዜው የመሥራት ፈቃድ) ማመልከት ስለሚቻል ማመልከቻውን ዲፌንስ እስክትጨርሱ አታቆዩት።