የኤሊዋ ውሃ ለምን አረንጓዴ ሆነ? የገንዳ አልጌ ችግርና መፍትሔ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የውሃ ኤሊ በመስታወት ገንዳ የሚያሳድግ ሰው ገንዳውን መስኮት ሥር ማስቀመጥ ይቀናዋል። ኤሊ ፀሐይ ያስፈልጋታልና ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም የሚያስፈልጋት ቅርፊቷንና አጥንቷን የሚያጠነክረው ዩቪቢ የተባለው ጨረር ሲሆን፣ ተራ የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል። አልጌ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ነገር፣ የሚፈልገው ብርሃን ግን ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ መስኮቱ የሚጠቅመው አልጌውን ነው። የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ገንዳውን ከዚያ ያንሡት።

ውሃው በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ኤሊዋ አልታይ ስትል

ውሃውን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው ለአንድ ሰዓት ያህል ያስቀምጡና ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት። አረንጓዴነቱ እንዳለ ከቆየ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። ላዩ ጠርቶ ከሥር ቡናማ ዝቃጭ ከተኛ ግን እዳሪና የምግብ ትራፊ ነው፤ ማጣሪያው አልቻለም ማለት ነው።

ክረምቱን ጠርቶ የከረመ ገንዳ ኅዳር ላይ ሲደፈርስ ባለቤቱ «ምንም አልቀየርኩም» ይላል። እውነቱን ነው፤ የተቀየረችው ፀሐይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ ስለምታጋድል በደቡብ በኩል ባለው መስኮት ዘልቃ ትገባለች፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በክረምት ደግሞ ወይ አናት ላይ ናት፣ ወይ በደመና ተሸፍናለች።

ውሃውን ሁሉ ደፍቶ አዲስ መሙላት ለጥቂት ቀናት ያስደስታል እንጂ ብርሃኑ ካልተቀነሰ አልጌው ይመለሳል። በመስኮቱ በኩል ያለውን የገንዳውን ጎን በካርቶን ይሸፍኑ፤ የገንዳውን አምፖልም በቀን በድምሩ ከ8 እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዓታት ብቻ ያብሩ። ኤሊዋን ለፀሐይ ማውጣት ከተፈለገ በሰፊ ሳፋ አድርጎ፣ ከፊሉን ጥላ አልብሶ፣ ከድመትና ከአሞራ እየጠበቁ ከቤት ውጭ ማሞቅ ነው። ከማጣሪያው ጋር የሚገጠም የአልትራቫዮሌት መሣሪያ ተንሳፋፊውን አልጌ ይገድላል። ሆኖም ብርሃኑ በመሣሪያው ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር ስለሆነ ለኤሊዋ የዩቪቢ አምፖል ምትክ አይሆንም።

መስታወቱና ድንጋዩ ሲለብስ

ጸጉር የመሰለው አረንጓዴ ጉዳት የለውም፤ አንዳንድ ኤሊዎች እንዲያውም ይበሉታል። በብሩሽ ፈግፍጎ ማውጣት ይበቃል። በአዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ ብናኝም በጨርቅ ይጠረጋል፣ ገንዳው ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል።

ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ሲነኩት እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ የሚነሣና የሚሸት አተላ ካዩ ግን አይዘግዩ። ይህ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ አንዳንድ ዓይነቱ መርዝ ያመነጫል። ኤሊዋን ወደ ሌላ ዕቃ አዛውረው ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ያጽዱ።

በየሳምንቱ ሲጸዳ በየሳምንቱ ሲመለስ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የብርሃን ብቻ አይደለም። ኤሊ ከዓሣ ይበልጥ ታቆሽሻለች፤ ከእዳሪዋና ከትራፊዋ የሚወጣው ናይትሬትና ፎስፌት ለአልጌው ማዳበሪያ ነው። በሌላ ባልዲ ውስጥ ቢመግቧት ግማሹ ችግር ይቃለላል። ደረቅ ምግብ በአንድ ጊዜ የራሷን ጭንቅላት ከሚያህል አይብለጥ። ማጣሪያ ሲገዙም ለገንዳዎ መጠን ሳይሆን ለሁለትና ለሦስት እጥፉ የተሠራውን ይምረጡ።

በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ውሃ ይቀይሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከበርሜል የሚቀዳው ይሻላል፤ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ይቀንሳል። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አይጠቡት። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ስላሉ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣም ማጣሪያው ያቆረውን ውሃ ወደ ገንዳው ከመትፋቱ በፊት ይድፉት።

ለጌጥ ብለው ከቦርከና ወንዝ ድንጋይና ተክል አያምጡ፤ ወንዙ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበል ነው። መዳብ ያለበት የአልጌ መድኃኒትም ኤሊ ባለችበት ውሃ አይግባ። በረኪና የሚፈቀደው ለባዶ ገንዳ ነው፣ ያውም ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

የተደፋው ውሃ ለአበባ ግሩም ነው። ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል ግን ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ አያጠጡት፣ ገንዳውንም የወጥ ቤት ዕቃ በሚታጠብበት አይጠቡ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ቅርፊቷ ሲያረነጉድ

ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በለብታ ውሃ ነክረው ቀስ አድርገው ይፈግፍጉት፤ ዘይት አይቀቡት። ቢፈገፈግም የማይለቅ፣ ሲጫኑት የሚረግብ ወይም የሚሸት ቦታ ካለ አልጌ ሳይሆን የቅርፊት መበስበስ ሊሆን ይችላልና ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።