የ"ዲስፓይት" እና የ"ሀውኤቨር" ጣጣ እንዴት ተፈታ

እንግሊዝኛ ጽሑፌ ሲታረም፣ ተቃርኖ የሚያሳዩ ማያያዣዎች ባሉበት ሁሉ ከስሩ እየተሰመረበት ይመለስ ነበር። ምክንያቱ ግን አልተጻፈም።

መጀመሪያ የሞከርኩት አንዱን በሌላው መቀየር ነበር፤ "ዲስፓይት"ን (despite) በ"ኦልዞው" (although)፣ "በት"ን (but) በ"ሀውኤቨር" (however)። አንዱ ሲቃና ሌላው ይበላሻል። የማያያዣዎችን ዝርዝር መሸምደድም ወፍ የለም። ዝርዝሩ ትርጉም እንጂ አገባብ አያሳይም።

የሰራው ከማያያዣው ቀጥሎ ያለውን ማየት ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ተጭኜ አንድ በአንድ ፈለግኋቸው። "ኦልዞው" ባለቤትና ግስ ያስከትላል፦ "ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዌንት አውት"። "ዲስፓይት" ግን ስም ወይም በ"አይኤንጂ" (-ing) የሚያልቅ ቃል ነው የሚፈልገው፦ "ዲስፓይት ዘ ሬይን"። "ኦፍ" የሚከተለው "ኢን ስፓይት"ን ነው፤ "ዲስፓይት ኦፍ" አይባልም። ባለቤትና ግስ የግድ ካስፈለጉ "ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት" ያወጣል፣ ይንዛዛል እንጂ።

ከስር ከሚሰመረው ብዙው የጠፋው ግን "ሀውኤቨር" ላይ ነው። ይሄ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አያጣብቅም። ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን (;)፣ ከኋላው ኮማ ያስፈልጋል።

"ኦልዞው" በጀመረው ዓረፍተ ነገር መሃል "በት" ከተገኘም አንዱ ይሰረዝ።