ውሃ ቀጠነ ብላችሁ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰው ደውሎ «ውሃችን ግፊት የለውም፤ ስንት የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ልግዛ?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ገና ምንም አትግዙ። የቀጠነው የትኛው ቧንቧ ነው? አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ሙቁ ብቻ ነው ወይስ ቀዝቃዛውም? ጎረቤት ጋስ እንዴት ነው? ይህን ሳያጣሩ ወደ ሱቅ መሄድ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሌሎቹም ብዙ ጊዜ ከሱ ይወለዳሉ።

አንድ ቧንቧ ብቻ ከቀጠነ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትታችሁ እዩ። አሸዋና ነጭ የኖራ ቅርፊት ሞልቶባት ታገኟታላችሁ። የሻወር ራስም እንደዚያው ነው፤ ጥቂት ሰዓት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሙቁ ብቻ ከቀጠነ ማሞቂያውንና የሱን መስመር ፈትሹ። ቤቱ በሙሉ ቀጥኖ ጎረቤት ደህና ከሆነ፣ ከመንገዱ መስመር እስከ እናንተ ቤት ባለው ርቀት ላይ የታነቀ ወይም የሚያፈስ ነገር አለ። ጎረቤትም እንደ እናንተ ከሆነ ግን ግድግዳ አታስፈርሱ። ችግሩ እናንተ ቤት የለም።

ሁለተኛው ስህተት ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ግፊት መለካት ነው። «3 ባር አለኝ፤ ታዲያ ለምን ቀጠነ?» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል፤ ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። የቆመ ውሃ መስመሩ ቢታነቅም ባይታነቅም ያንኑ ቁጥር ያሳያል። መለኪያውን ግቢ ያለው ቧንቧ ላይ ግጠሙና ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ወጥ ቤቱንም ሻወሩንም ክፈቱ። መርፌው ከ3 ወደ 0.5 ከወረደ የጎደለው ግፊት አይደለም፤ ማለፊያው ጠብቧል። መለኪያ የሌለው ሰው ባለ 10 ሊትር ባልዲና ሰዓት ይበቃዋል። በአንድ ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር አላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ፣ ቀጥሎ ሩቅ ባለው ቧንቧ ሞክሩ። ጠዋትም ሞክሩ፣ ሌሊትም ሞክሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ብቻ የሚቀጥን ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ቤት ሁለተኛ ፓምፕ ገዝተው ነው የጠሩኝ። የመጀመሪያው «ደካማ ነው» ተብሎ ጥግ ተቀምጧል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ጌት ቫልቭ፣ ማለትም በዘንግ ወጥቶ ወርዶ ውሃ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ባዞረው ያለ ምንም መያዝ ይሽከረከራል። ክፍት ይመስላል። ውሃውን ዘግቼ አናቱን ስፈታው ዘንጉ ባዶውን ወጣ። መዝጊያው ከዘንጉ ተላቆ ቫልቩ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ውሃው የሚያልፈው በጎኑ ባለች ክር በምታህል ክፍተት ነው። ቫልቩን በቦል ቫልቭ፣ ቀዳዳ ያላት ኳስ በምትዞርበት ዓይነት፣ ቀየርነው። ውሃው ያለ ፓምፕ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። ስለዚህ ያረጀ ጌት ቫልቭ ካላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ጠርጥሩ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ፓምፕን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ መግጠም! እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚስበው። መስመሩ ከሚሰጠው በላይ ሲስብ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ያኔ ውሃ ያፈስ የነበረ ስንጥቅ ሁሉ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። በስንጥቁ ዙሪያ ምን አለ? ጭቃ አለ። ብዙ ቦታ ደግሞ በቅርብ ርቀት የፍሳሽ ቱቦ ያልፋል። የምትስቡት ያንን ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ የእናንተ ልጅ ብቻ ሳይሆን በዚያ መስመር ያለ ጎረቤት ሁሉ ነው። በብዙ አገር የውሃ አገልግሎቶች የሚከለክሉትም ለዚሁ ነው።

ፉክክሩም ማለቂያ የለውም። እናንተ ስትስቡ የጎረቤት ውሃ ይቀጥናል፤ እሱም ይገጥማል። ከዚያ እናንተ ተለቅ ያለ ትፈልጋላችሁ። መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ትስባላችሁ፤ አየርም ቆጣሪ ያዞራል። ያለ ውሃ የሚዞር ፓምፕ ደግሞ ግሎ ይበላሻል።

መንገዱ ሌላ ነው። መሬት ላይ ታንከር አስቀምጡ። የመንገዱ ውሃ ታንከሩ ሲሞላ ራሱ በሚዘጋ ተንሳፋፊ ቫልቭ በኩል በራሱ ግፊት ይሙላው። ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ፤ ታንከሩ ሲጎድል የሚያጠፋው ማብሪያም ይኑረው። «እንዲህ ቀጥኖ መቼ ሊሞላ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። በደቂቃ 3 ሊትር የምትወርድ ውሃ ሌሊቱን በስምንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ 1,440 ሊትር ትሰጣለች። ለብዙ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ፓምፑ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ ቶሎ እየበራ የሚጠፋ ከሆነ የፕሬዠር ታንኩን፣ ማለትም ከፓምፑ ጋር ያለውን ግፊት የሚይዝ አየር ያለበት ታንክ፣ አየር ለኩ፤ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ውሃው ተለቅቆ። አየሩ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት።

ጣሪያ ላይ ያለ ታንከርን አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ ብዙ ብረት የሚያስበይዱም አሉ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ አንድ ሜትር 0.1 ባር ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ ከታንከሩ የሚወርደውን ቧንቧ አስፉት።

ስለ ማስፋት ካነሳን፣ የዛገ የብረት ቧንቧ በፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) የሚቀይሩ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የፒፒአር ቁጥር የውጭ ስፋት ነው። ወፍራሙ 20 ሚሊ ቧንቧ ግድግዳው 3.4 ሚሊ ስለሆነ ውስጡ 13.2 ሚሊ ብቻ ይቀራል። የግማሽ ኢንች ብረት ግን አዲስ ሳለ ውስጡ ወደ 16 ሚሊ ነበር። ስለዚህ «ያው ነው» ብሎ በ20 መተካት ማጥበብ ነው። ቢያንስ 25 ተጠቀሙ፤ ዋናው መስመር ከዚያም ይስፋ። ስትበይዱም አትቸኩሉ። ከልክ በላይ የሞቀና እስከ መጨረሻው የተገፋ ቧንቧ ውስጡ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት ይሠራል። እንዲህ የተበየደ አንድ የማዕዘን መጋጠሚያ በመጋዝ ሰንጥቄ ሳየው ትንሿ ጣቴ አላልፍ ብላ ቀርታለች። ከውጭ ሲታይ ግን የተዋጣለት ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ በመስመሩ ላይ አምስት ስድስት ቦታ ካለ ምንም ፓምፕ አያድነውም። ልጆች፣ ሰዓት ይዛችሁ በይዱ፤ የማሞቂያው ጊዜ ለ20 ሚሊ 5 ሰከንድ፣ ለ25 ሚሊ 7 ሰከንድ ነው። የሚገባበትንም ጥልቀት በእርሳስ አስምሩ።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የሁሉንም ቧንቧ ወንፊት ፍቱና ውሃውን መጀመሪያ ከታች ባለው ቧንቧ ልቀቁት፤ የተላጨው ፕላስቲክና የተበጣጠሰው ቴፍሎን (መጋጠሚያ ላይ የሚጠቀለለው ነጭ ጥብጣብ) እስኪወጣ ድረስ ይፍሰስ። በባልዲ ያዙትና አትክልት አጠጡበት።