የመረጃ ቋቱ ሌሊት ሌሊት ይዘጋ የነበረበት ምክንያትና መፍትሔው

2 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ባለው የሊነክስ ሰርቨር ላይ የሚሠራው የመረጃ ቋታችን፣ ሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ በሚወሰድበት ሰዓት በተደጋጋሚ ይዘጋ ነበር። በመረጃ ቋቱ መዝገብ ላይ አንዳችም የስህተት መልእክት አልነበረም፤ የከርነሉን (የሊነክስ እምብርት የሆነውን ክፍል) መዝገብ ስመለከት ግን ፕሮሰሱን (በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም) የገደለው ራሱ ከርነሉ እንደሆነና ምክንያቱም የራም ማለቅ መሆኑን አገኘሁ።

ሊነክስ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ የሆነ ምናባዊ የአድራሻ ክልል ይሰጠዋል፤ ይህም ክልል አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት መጠን ባላቸው ገጾች የተከፋፈለ ሲሆን፣ አንድ ገጽ እውነተኛ ራም የሚያገኘው ፕሮግራሙ ቦታውን ሲጠይቅ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀምበት ነው። በዚህም የተነሣ ከርነሉ ካለው ራም በላይ ቃል ሊገባ ይችላል። ሁሉም ፕሮሰሶች ድርሻቸውን በአንድ ጊዜ ሲፈልጉና ገጾችን ወደ ዲስክ የሚያሸሽበት ስዋፕ ሳይኖር ሲቀር፣ በአመዛኙ ብዙ ራም የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ራሙን ያጣበበው የመጠባበቂያ ቅጂው ፕሮግራም ቢሆንም፣ የሚገደለው ሁልጊዜ የመረጃ ቋቱ የነበረው ለዚህ ነው።

በቅድሚያ፣ ለመረጃ ቋቱ መሸጎጫ (በተደጋጋሚ የሚፈለግ መረጃ በራም ላይ ለሚቆይበት ቦታ) መድቤ የነበረውን 1.5 ጊጋባይት ወደ 768 ሜጋባይት ዝቅ አደረግሁ፤ ዋናው መፍትሔ ይህ ይመስለኛል፤ ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ ስዋፕ ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎም 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይል ፈጠርሁ፤ በውስጡ ከራም የወጣ ማንኛውም ምስጢር ሊገኝ ስለሚችል፣ ከሥርዓቱ አስተዳዳሪ በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱን ገደብሁ። ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ ስዋፑ በራሱ እንዲሠራም ሲነሣ የሚያያዙ ዲስኮችና ስዋፖች በሚዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱ ቅጂ ያለ መቋረጥ ይጠናቀቃል።